የበረዶ ሞተሮቹ ተጎታች

ሰው ገንዘብ ሲተርፈው መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ይገዛል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ የገዛውን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ውስጥ የሌለ ነገር ያምረዋል። የባሕር ዳርቻ ሰው ተራራ ይመኛል፣ የተራራው ሰው ጀልባ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ስነዳ ያየሁት ነው። ስለዚህ ካፊሌ፣ ማለትም ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በስሙ የሆነልኝ የጂዛን አሠሪዬ፣ ሁለት የበረዶ ሞተር ገዛ ስላችሁ እንዳትስቁ። ወይም ሳቁ። እኔ ፊቱ መሳቅ ስለማልችል የእኔንም ጨምራችሁ ሳቁልኝ።

ጂዛንን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የሳውዲ ደቡብ ጫፍ፣ የባሕር ዳርቻ ናት፤ እዚህ በረዶ ማለት ዓሣ ነጋዴ በመዶሻ የሚፈረካክሰው ነገር ነው። ጥር ላይ እንኳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ካፊሌ ግን እሩቅ ሰሜን ታቡክ ተራራ ላይ በረዶ ሲወርድ ስልኩ ላይ አየ፤ ልቡ እዚያው ቀረ። ሞተሮቹ መጥተው ባይሽ ካለው የማንጎ እርሻው መጋዘን ገቡ። ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ ጎማ የለ ምን የለ፣ ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት። የእርሻው ፍየሎች ሳይቀሩ ቆመው አይተዋቸዋል።

ታቡክ ድረስ ጎትቼ የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ተጎታች መምረጥ መጣ። እኔ ክፍቱ ይሻላል አልኩ፤ ይቀላል፣ ነፋስ አይገፋውም፣ ነዳጅ አይበላም። እሱ ዝጉ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ምክንያቱ የሰው ዓይን ነው። አማቹ ጀልባ ገዝቶ ክፍት መኪና ላይ ጭኖ ከተማውን ሁሉ ስላሳየ፣ የጀልባው ሞተር በሳምንቱ ነደደ ይላል። እኔ ደግሞ የምፈራው በየመንገዱ ኬላ የሚፈትሸውን የተፍቲሽ ወታደር ዓይን ነው። ከየመን ድንበር በኩል ሐበሻ ሹፌር ዝግ ሳጥን ጎትቶ ሲመጣ ወታደሩ ውስጡ ሰው አለ ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? ብዙ ጊዜ ሰው ይገኛል እኮ። አንድ ሰው ከተገኘብኝ ደግሞ ኢቃማዬ ኸላስ፣ ኮምቦልቻ ያሉት ሦስት ልጆቼም ከትምህርት ቤት ቤታቸው። ይህን ለካፊሌ አልነገርኩትም፤ ነዳጅ ነዳጅ እያልኩ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩም።

ሳብያ ወዳለው ተጎታች መሸጫ ስንሄድ ሰይድን ይዤው ሄድኩ። ሰይድ የሐርቡ ሰው ነው፤ ሠላሳውን አልፏል፤ በየመን በኩል ያለ ወረቀት ገብቶ ሳብያ ውስጥ በቀን ሥራ ብየዳ ይበይዳል። ሚስቱ ዘይነባ ኢቃማ ስላላት፣ እርጉዝ ሳለች እህቷ ወዳለችበት ጅዳ ሄዳ ወለደች። ልጁ ዓመት ከሁለት ወር ሞላው። ሰይድ በስልክ እንጂ አላየውም፤ ከሳብያ ጅዳ መንገዱ ሙሉ ተፍቲሽ ነው።

እኔ የወሰድኩት ብየዳውን እንዲያይልኝ ነበር። እሱ ብየዳውን ገረፍ አድርጎ አየና መጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ዝጉልኝ አለ። ዘጋንለት። ካፊሌ ሲጋራውን ሳይጨርስ ሰይድ አንኳኳ፤ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ውስጥ ገባ። ዘጋን። ጠበቅን። ሲጋራው አለቀ፣ ሻጩ ስልክ አወራ፣ ሰይድ ግን አላንኳኳም። ከፍተን ስናየው ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ደረቅ ነው።

«ይሄኛው ይሻላል ጋሽ ይመር። አየሩ በጣሪያ ነው የሚገባው። በታች ሲሆን አቧራ ነው የሚጠጡት» አለኝ።

እነማን ናቸው የሚጠጡት ብዬ አልጠየቅኩትም። ካፊሌ ግን ተደነቀ፤ ይሄ ሰው ማሽን ያውቃል ብሎ እዚያው ገዛው። ሰይድ ማሽን አያውቅም። ሰይድ የሚያውቀው ሳጥን ነው፤ አገር ያቋረጠው በሳጥን ነዋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የታቡክ መንገድ በጅዳ በኩል ነው፤ በሳጥኑ ደብቀህ ጅዳ ውሰደኝ ሊለኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ሳምንቱን ሙሉ እምቢታዬን ሳሰማምር ከረምኩ። ስለ ልጆቼ አለበት፣ ስለ ሙቀቱ አለበት፣ «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ» የሚልም አስገባሁበት። እንዲህ ያማረ እምቢታ ሰምታችሁ አታውቁም። የምነሳ ቀን ሰይድ መጣ፤ ሞተሮቹን ተጋግዘን ጫንን፤ በቀበቶ ወጥሮ አሰረልኝ። ከዚያ በፌስታል የተጠቀለለች የልጅ ጫማ ሰጠኝና፣ ስመለስ ጅዳ ለዘይነባ እንዳደርስለት ለመነኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያ ሁሉ እምቢታ አፌ ውስጥ ቀረ።

የመጀመሪያው ተፍቲሽ ላይ እንደፈራሁት ሆነ። ወታደሩ ፊቴን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። የበረዶ ሞተር ነው አልኩት። ጓደኞቹን ጠራ፤ ተራ በተራ ወጥተው እየተቀመጡ ፎቶ ተነሱ። አንደኛው ወደ ጣሪያው አየር ማስገቢያ አንጋጦ፣ ማሻአላህ፣ ከእኛ ክፍል ይሻላል አለ። ኢቃማዬን የጠየቀኝ የለም። ሁለተኛው ተፍቲሽ ላይ ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ባለ በረዶው አንተ ነህ እንዴ፣ ያላ እለፍ አሉኝ። ከዚያ ጅዳ ድረስ በሩን ያስከፈተኝ የለም። የመጀመሪያው ግን አስከፍቷል። ይህን መንገድ ሙሉ ለራሴ ስነግረው ነበር።

ታቡክ ስደርስ በረዶው ቀልጧል። ካፊሌ በአውሮፕላን መጣና ሞተሮቹን ጠጠር ላይ አስወረደ፤ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ፎቶ ተነሳባቸው፤ በአውሮፕላን ተመለሰ። እኔ መልሼ ጫንኳቸው።

ጅዳ ላይ ዘይነባ ልጁን አዝላ መንገድ ዳር ጠበቀችኝ። ጫማውን ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፤ ዓይኗ ግን ተጎታቹ ላይ ነው። ይከፈት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማሽን ብቻ ነው እያልኩ ከፈትኩላት። ብዙ ቆማ አየች።

«በመሃላቸው ለአንድ ሰው ይበቃል» አለች።

«አልጠየቀኝም» አልኳት።

«እርስዎስ ጠየቁት?»

ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ሞተሮቹን ያያል። በሩን ዘጋሁና መንገድ ይመሻል አልኳት፤ ገና እኩለ ቀን ነበር።