ዘነበወርቅ ተክሌ የምትባል ሌባ

የበደለችኝ ሴት ስሟ ዘነበወርቅ ተክሌ ነው። ስሟን አስቀድሜ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኔ ሐሜት አልወድም፣ ሰው ሲወቀስ በስሙ ነው። ዘነበወርቅ ተክሌ የአንድ ጠቦት ዋጋ ከባንክ ደብተሬ ላይ አንስታ ሄደች። መልኳን አላየሁ፣ ድምጿን አልሰማሁ። እስቲ ፍረዱኝ።

ድሮ ሌባ እንኳ ወግ ነበረው። አጥር ይዘላል፣ እሾህ ይወጋዋል፣ ውሻ ይነክሰዋል፤ ለበጋችሁ ደክሞላታል። ከያዛችሁትም የምትጨብጡት ክንድ አለው። ያሁኑ ግን እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ስልክ ሲደባብስ ጓሳ ሣር ላይ ያደለባችኋት በግ ዋጋዋ በአየር ይሄዳል። አየርን በምን ትይዙታላችሁ?

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ልጄ ነው። ሾፌር ነው፤ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ይኖርና ሲመጣ ሥልጣኔ ጭኖ ይመጣል። «እማዬ፣ ብር ማድጋ ውስጥ መደበቅ ቀርቷል» ብሎ ዘመሮ ከተማ ወሰደኝና ደብተር አስወጣልኝ፤ ደብተሩንም ከስልኬ ጋር አጋባው። ስልኬን በከረጢት አድርጌ ከማተቤ ጎን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ቤት ያለነው እኔና የልጄ ሚስት አስናቀች ነን። የሚስጥር ቁጥሬን ስረሳ ከበረት ሆና ጮክ ብላ የምታስታውሰኝ እሷ ናት። ጠንቃቃ ነን።

እንግዲህ በገበያ ቀን ገንዘቤ በሕይወት መኖሩን ልይ ብዬ ባንክ ገባሁ። ከረባት ያሰረው ልጅ አንድ ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። በፈረንጅ ፊደል ነው፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ሀሁ እዚያ አትሠራም። ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው፣ የጎደለ አይጠፋኝም።

«ይህ በነሐሴ የወጣው ምንድን ነው?»

«በሞባይል የተላከ ነው፣ እናቴ። ለዘነበወርቅ ተክሌ።»

«ዘነበወርቅ ደግሞ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ የላኩላት።»

«እኔ? ለማላውቃት ሴት? አብጃለሁ?»

«ሚስጥር ቁጥርዎን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ከቤቴ ሰው በቀር ማንም!»

«የቤትዎ ሰው ማን ይባላል?»

«አስናቀች! አስናቀችና ዘነበወርቅ ባንተ አገር አንድ ናቸው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ አልመለስም። «ይቺ ዘነበወርቅ ያንተው ውሽማ ትሆናለች፤ የኔን ጠቦት ለሁለት ስትበሉ ከረማችኋ!» አልኩት። ልጁን ላብ አጠመቀው። ከኋላ ያሉት አለቃውን ጥሩልን ማለት ጀመሩ፤ ወንበሩ ከሥሩ ሲነቃነቅ አየሁ፣ አላሳዘነኝም። ስወጣም በሩ ላይ ቆሜ፣ «ዘነበወርቅን ስሟን ከምድር ያጥፋው!» ብዬ ረገምኩ። ሰልፈኛው አሜን አለ።

ከዚያ ወደ ማመልከቻ ጻፊው። ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቀመጥ፣ ከሚጽፈው የሚያስነጥሰው የሚበዛ ሰውዬ ነው። እሱ ጽፎ ሲጨርስ የጣቢያው ፖሊስ «ነገ በጠዋት ይምጡ» አለኝ። ጥሩ፤ ለሌባዬ አንድ ቀን ይጨመርላት ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ገብቼም አዲሱን ባናዬን ተከናነብኩ። ከራሴ በጎች ጸጉር ክረምቱን ያሠራሁት ነው፤ እሱን ከለበስኩ ወዲህ ብርድ ዘመድነታችንን ረስቷል። አስናቀች ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና ማመልከቻውን ሰጥቼ፣ «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ የዚያ ሰውዬ ብዕር አይታመንም» አልኳት።

«ዘነበወርቅ ተክሌ የተባለች ግለሰብ» ብላ ጀመረች፣ «በፈጸመችብኝ የማጭበርበር ወንጀል በሕግ ቁጥጥር ሥር ውላ...» አለችና ቆመች።

«ቀጥይ እንጂ! የሚጣፍጠው ገና ነው።»

«እማማ፣ ዘነበወርቅ እኮ እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ስሜ ነው። እናትና አባቴ ያወጡልኝ።»

«ገንዘቤስ?»

«የተከናነቡት ባና ነዋ። ‹የማንንም እጅ አላይም፣ ለሸማኔው ከኔው ክፈይ› ብለው ስልኩን ሰጡኝ። እሱ የባንክ ደብተር የለውም። በኔ ደብተር አሳልፌ፣ አውጥቼ ሰጠሁት።»

ባናው ድንገት ሞቀኝ።

በኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ ይህን ታውቃላችሁ። ያን ሰሞን ጎረቤቴም ልጇን ድራ ሙሽራ አስገብታ ነበርና የኔዋ ትብለጥ ብዬ፣ እሷንም ይቆርቁራት ብዬ፣ አስናቀች አልኳት። ጎረቤቴ በቅጡ ተቆረቆረች። የልጅቱን ስም ግን የሠርጉ ለት ሰምቼው በማግስቱ ጣልኩት። አባቷም ቄስ ናቸው፤ ቄሴ እንጂ ተክሌ ብሎ የጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር የማላውቃት ሴት ቤቴ ውስጥ በረት ትጠርግልኛለች። ስሟን ያጥፋው ብዬ መራገሜስ ምን ይባላል? ከሃያ ዓመት በፊት አጥፍቼው የጨረስኩትን!

አይፈረድብኝም እንዳልል፣ እኔም ደርሶብኛል። አማቴ ባወጣችልኝ ስም ነው ባንኩ እንኳ የሚያውቀኝ። እናቴ ባወጣችልኝ ይጠሩኝ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተኝተዋል። ይህን ግን ለአስናቀች አልነገርኳትም። ይቅርታ የሚባለውም ቃል ጉሮሮዬ ላይ የሚቆም ነው። ለባንኩ ልጅ አንድ ቅል ቅቤ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሰልፈኛው ባለበት እሰጠዋለሁ፣ ቅቤው ይናገርልኝ።

እሷ ማመልከቻውን አራት ቦታ አጥፋ እጄ ላይ አኖረችውና፣ «ነገ ጣቢያ ድረስ ልሸኝዎት፣ እማማ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። የኔን ምላስ ከየት እንደወረሰችው እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ አልሄድኩም። ባናዬን ለብሼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። በረት ስትጠርግ ጀርባዋ ይታየኛል።

«ዘነበወርቅ!»

ቀና አለችና ወደ አጥሩ በር አየች።

«እንግዳ መጣ እንዴ፣ እማማ?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ደግሜ ጠራኋት።