ምዜ ጅሎ ሜሞሪ ሲመርጡ

በዚህ ዓለም ላይ ብቻውን ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ጫማ ስትለካ ከኋላህ ቆሞ «ጠቦሃል» የሚል፣ ሐብሐብ ስትመርጥ ቀድሞህ የሚያንኳኳ፣ ፍየል ስትጎትት አፏን ከፍቶ ጥርሷን የሚያይ አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ። ገንዘቡ ያንተ፣ ጭንቀቱ የሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ንገሩኝ። እኛ ዘንድ፣ በኬንያዋ ሞያሌ ማንያታ ሰፈር፣ የተከበሩ ምዜ ጅሎ ይባላሉ፤ «ምዜ» በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው።

ምዜ ጅሎ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከብት ድለላ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል ይላሉ። የወጡት ግን ከክፍያው እንጂ ከድለላው አይደለም። ማንም ሳይጠራቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሱቅ ይገቡና፣ ሻጩ ዋጋ ሊጠራ አፉን ሲከፍት «ቆይ! ይጣራ!» ይላሉ። ጎረቤታችን ማርጋሬት ዝናብ ይዟት ጃንጥላ ልትገዛ ገብታ፣ እሳቸው ጃንጥላውን በባልዲ ውሃ ሲያስፈትሹ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ሌላው ጎረቤታችን መሐዲ አልጋ ሲገዛ ደግሞ ሱቁ መሀል አስተኝተው በግራም በቀኝም ሲያገላብጡት እንቅልፍ ወሰደው፤ ሱቁ ሊዘጋበት ነበር።

ባለፈው ወር እኛ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል።

እህቴ ኑርሀን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስዋሂሊውንም እንደ ውሃ የምታፈሰው ልጅ ናት። ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት ለሐኪሞችና ለታካሚዎች በቪዲዮ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልግ ነበር። ፈተናውን አሳምራ ጀምራ መሀል ላይ ላፕቶፗ ቀጥ አለ። ፈታኞቹ የታያቸው አፏን እንደከፈተች ደርቃ የቀረች ልጅ ናት። አዘኑላትና ሌላ ቀን ሰጧት፤ «ሦስተኛ ግን የለም» አሏት። ሥራ መፈለግ ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ እንቅልፍ አጣች።

ዱባ የሚባለው ባለ ኮምፒውተር ሱቅ ላፕቶፑን አይቶ፣ «ሜሞሪው አንሶት ነው። ቪዲዮ ሲከፈት ይታነቃል። ሌላ ይግባበት» አለን። ሁለተኛው ፈተና ወደ ማታ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ነው። በፈተናው ቀን እኔና ኑርሀን ሱቁ የደረስነው ረፋዱ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሞልቶን ነበር።

ዱባ ሁለት ሜሞሪ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው ሶልቪክ፣ ሌላው ዳንራም ይባላል።

«መጠናቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው አንድ። ሁለቱም ለዚህ ላፕቶፕ ይሆናሉ። የሚለያዩት በስም ነው» አለ።

«በል አንዱን ክተትልን» አልኩት።

«ቆይ! ይጣራ!»

ከየት እንደመጡ አላህ ይወቀው። ምዜ ጅሎ ሶልቪኩን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ከዚያ አሸተቱት።

«ዘሩ የማን ነው?»

«ምዜ፣ ይሄ እኮ ሜሞሪ ነው፤ ወይፈን አይደለም» አለ ዱባ።

«ዘር የሌለው ነገር የለም። የት ተወለደ?»

«ፋብሪካ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ፋብሪካ።»

«አንድ ፋብሪካ ነው?»

«እሱን አላውቅም።»

ምዜ ጅሎ በሐዘን ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? አላውቅም አለ። ልትገዛው ነበር እኮ!»

ስልካቸውን አውጥተው በማርሳቢት መንገድ ላይ ከባድ መኪና ለሚነዳው የእህታቸው ልጅ ለጄምስ ደወሉ። ጄምስ በሞተሩ ጩኸት መሀል «ዳንራም!» አለ።

«ተጠቅመህበታል?»

«ኧረ አላውቀውም! ስሙ ግን ጠንካራ ነው!»

ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ የገባችው ጨው ቸርቻሪዋ ካልቶማ አልተስማማችም። «ሶልቪኩ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ነገር ደግሞ ክፉ አያመጣም» አለች። ውጭ ደንበኛ የሚጠብቁት ቦዳ ቦዳዎች፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎቹ፣ ሞተራቸውን አቁመው ገቡ። ወዲያው ሱቁ ለሁለት ተከፈለ። ሜሞሪ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ለሜሞሪ አንገት ላንገት ሊተናነቁ ደረሱ። አንዱማ ዳንራም ያጎቱ ልጅ ይመስል «ሲሰድቡት ዝም አልልም!» ብሎ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ።

የቀትሩ የዙህር አዛን አለፈ። ኑርሀን ሰዓቱን እያየች ጥፍሯን ስትበላ ቆይታ በመጨረሻ ፈነዳች። «ፈተና አለብኝ!» ብላ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ጮኸች፤ በስዋሂሊ ስትደግመው እንባዋ መጣ።

ምዜ ጅሎ እንባዋን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በደም የተፈላለጉ ጎሳዎችን እንደሚያስታርቅ ሽማግሌ መሀል ገቡ።

«አንዱን ብንመርጥ ሌላው ያኮርፋል። ግማሹ ሕዝብም አብሮ ያኮርፋል። ዱባ! ይህ ላፕቶፕ ለሜሞሪ ስንት ክፍል አለው?»

«ሁለት ቦታ አለው፤ አንዱን አሮጌው ይዞታል።»

«አሮጌው ይልቀቅ። ሁለቱ ታርቀው ይግቡ!»

ዱባ ትንሽ አሰበ። «ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ እንሞክረው» አለ፣ ሁለት ዕቃ በአንዴ የሸጠ ነጋዴ ፈገግታ ፈገግ እያለ። ከትቶ አበራው። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከዚያ ቦግ አለ! ካልቶማ እልል አለች፤ ቦዳ ቦዳዎቹ ተቃቀፉ። ኑርሀን ካሜራውን ከፍታ ስትስቅ ስክሪኑ ላይ ያለችውም ሳትደርቅ አብራት ሳቀች።

ቤት ገብተን ፈተናው ተጀመረ። በሩ ሥር ተቀምጬ ዱዓ እያደረግኩ ሳለ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ማንያታ ድምፅ የለውም። ብቅ ብዬ ባይ ምዜ ጅሎ መንገዱ መሀል ከዘራቸውን አጋድመው ቆመዋል። ቦዳ ቦዳዎች ሞተር አጥፍተው እየገፉ ያልፋሉ። ፍየሎች በሌላ መንገድ ዞረዋል። ምዜ ጅሎ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በመጪው ሁሉ ላይ ያፈጣሉ።

በዚህ መሀል፣ ልክ አፍንጫቸው ሥር፣ አንድ ሰውዬ በሹክሹክታ አውራ ዶሮ መግዛት ጀመረ። ዶሮው በግልጽ ያነክሳል። የምዜ ጅሎ ጉንጭ ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዶሮው ሳይጣራ ተሸጠ።

ኑርሀን በሩን በርግዳ ወጣች። «ተቀበሉኝ! ሰኞ እጀምራለሁ!»

ምዜ ጅሎ በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ዶሮ የገዛውን ሰውዬ ፍለጋ ሮጡ።

በዚህ ሳምንት ምዜ ለዘመድ ጥየቃ ኡራን የምትባል መንደር ሄደዋል። እኔም ትናንት ፍራሽ ገዛሁ። ሻጩ ዋጋ ጠራ፣ ከፈልኩ፣ ተሸክሜ ገባሁ፤ አንድም ሰው አልተናገረኝም። ፍራሹ ጥሩ ነው። ግን ማንም ስላልተጨቃጨቀበት ይሁን እንጃ፣ የሰው ቤት የተኛሁ መሰለኝ። ፕላስቲኩን አልቀደድኩትም፤ ምዜ ሲመለሱ ይዩልኝ።