ቅጠል ሲበሳ ደስ የሚላቸው ልብስ ሰፊ

በየሰፈሩ አትክልቱ ሲበላበት የሚደሰት አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ ክብርት እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከፀጉር ቤቴ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ምስክር አይመጣም።

ሌላው ሰው ድርብርብ ጽጌረዳ ገዝቶ ይተክላል። እሳቸው ከወንዝ ዳር የቀጋ ፍሬ ለቅመው መጥተው ዘሩ፤ ያው የዱር ጽጌረዳ። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል ነው ያለው፣ የቀረው እሾህ። አጥሩን አልፎ ተንሰራፋ፤ ሰፈር ውስጥ ያልቀደደው ሸሚዝ የለም። የተቀደደውንም እሳቸው ናቸው የሚጠግኑት። ፍሬውን ልልቀም ካልክ "የወፎቹ ነው"፤ የረገፈውን ቅጠል ልጥረግ ካልክ ደግሞ "የነፍሳቱን ቤት ልታፈርስ ነው?"

የባሰው ግን ቅጠሉ ነው። አንዲት ትንሽ ንብ እየመጣች ክብ ክብ ቆርጣ ለጎጆዋ ትወስዳለች። እትዬ ደንበኛቸውን በስፒል እንደተወጋጋ አቁመው ያንን ሊያሳዩህ ይወጣሉ። "ያለ ሜትር፣ ያለ ጠመኔ። እኔ አርባ ዓመት ሰፍቼ እንዲህ አልቆረጥኩም።"

እኔ ደግሞ ደግ ነኝ። ሙሽራ ሊለኩ የሄዱ ቀን፣ የተበሳሳው ቅጠል አንጀቴን በላኝና የተባይ መድኃኒት ገዝቼ ከላይ እስከ ታች ረጨሁላቸው። ሲመለሱ ምስጋና ስጠብቅ፣ "እጅህ ይባረክ" ብለው በራቸውን ዘጉ።

ንቢቱ ቀረች። ቅጠሉ ሙሉ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ አሁን ገና ግቢዎ አማረ እያለ ያመሰግናቸዋል። እሳቸው የስፌት መኪናቸውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳ አዞሩት። ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ፣ በቃ። ወር ሙሉ። ሰው በትህትና ሲቀየምህ መግቢያ ነው የሚጠፋህ፣ እውነቴን ነው።

አንድ ጠዋት ጠርዙ ክብ የተቆረጠ የቀጋ ቅጠል ይዤ በራቸውን ደበደብኩ።

"እትዬ፣ ንቢቱ መጥታለች።"

መነፅራቸውን አደረጉ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱት።

"ይሄ የፀጉር መቀስ ነው" አሉ።

መቀሱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው።

"እዚህ ለመድረስ ስንት ቅጠል አበላሸህ?"

"አስራ አንድ።"

መጀመሪያ የሳቀው ትከሻቸው ነው። ከዚያ የስፌት መኪናውን ወደ መስኮቱ እንድመልስላቸው አዘዙኝና አጠገቡ ወንበር ሳቡልኝ።

"እስክትመጣ አብረን እንጠብቃታለን። ስትመጣ ቁጭ ብለህ አቆራረጧን እይ" አሉ፣ "እጅህ ገና ነው።"