ሽማግሌ የተላከለት ትምህርት ቤት

እንደማታምኑኝ ስለማውቅ ጉናን አስይዤ እምላለሁ፤ ከዋሸሁ ተራራው ተነቅሎ ጎጆዬ ላይ ይቀመጥ። ነገር ሁሉ ዕድሜ አለው አይደል? የአህያ ዕድሜ ይታወቃል፣ የባጃጅ ጎማም ዕድሜው ይታወቃል። የትምህርት ቤት ዕድሜ ግን ስንት ነው? እኔ ደጁን ያልረገጥሁ ሰው፣ ድንጋይና ሲሚንቶ እስከ ዳግም ምጽአት የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ከተማ ጫፍ፣ እኛ መንደር አፍንጫ ሥር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጄ ያለምወርቅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ እሱም ተወለደ፤ አሥራ አንደኛን ስትጨርስ «ሊዘጋ ነው» ተባለ። በምርቃቱ ዕለት የተተከለው ጽድ እንኳ ገና የዶሮ ጉልበት አልደረሰም! ለምን ይዘጋል ብዬ ያልጠየቅሁት ፍጡር የለም። አንዱ «ተማሪ አንሶት ነው» ይላል፣ ሌላው «ለቢሮ ተፈልጎ ነው» ይላል፤ ባለባጃጁ ደግሞ «ማዶ ካለው ጋር ሊቀላቀል ነው» አለኝ። ማዶ ያለው ታዲያ ከተማውን ጥሶ ሌላው ጫፍ ነው፤ ሄጄ እስክመለስ ጺሜ የሚያድግበት መንገድ።

መንገዱስ ባልከፋ። የከፋው የባለቤቴ ነገር ነው። «ቅርቡ ከተዘጋ ሩቁ ድረስ ልጄን አልሰድም፤ ትዳር ትያዝ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ከሐሙሲት በኩል ያሉ ሰዎችም ለልጃቸው ዓይናቸውን ጥለውባታል። ልጅቱ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ሳልጨርስ ትዳር የሚባል አልሰማም ባይ ናት።

እኛ እንግዲህ ሲጨንቀን የምናውቀው ሽማግሌ መላክ ነው። ላክን። የደብራችን መሪጌታ ዳምጤ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን የከተማው ትምህርት ቢሮ ገባን። ኃላፊው ከሌላ አገር የመጣ ትሑት ወጣት ነው።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ መሪጌታ፣ ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ ደረታቸውን ነፍተው። «ትምህርት ቤቱን ለልጆቻችን ይስጡልን።»

ሰውየው ግራ ገብቶት እሱም ተነሣ። እሱ ሲነሣ ጸሐፊዋ ተነሣች፤ እሷ ስትነሣ ደጅ የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ መዝሙር የሚዘመር መስሎት ቀጥ አለ። በመጨረሻ «የበላይ አካል አማክሬ አሳውቃችኋለሁ» አለን።

መሪጌታ በሩን ሳናልፍ ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ። «ሰጠን እኮ! ዘመድ ላማክር ያለ አባት መቼ ከልክሎ ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የሰለቸችው ይመስላል፤ ዘመድ ላማክር ካለ ግን ጌሾው ይወቀጥ ማለት ነው። አስወቀጥን። ጠላው ተጠጣ፣ እልል ተባለ፤ ያለምወርቅም ደብተሯን በአዲስ ወረቀት ለበጠች።

ትምህርት በሚጀመርበት ጠዋት ብንሄድ፣ በሩ ላይ የበግ ጭንቅላት የሚያክል ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የበላይ አካል ተማክሯላ!

በሳምንቱ ማለዳ መሪጌታ እቤቴ መጡ። ጋቢያቸው ነጭ። ከኋላቸው የሐሙሲት ሰዎች። «ተቀመጡ» ብል ማን ይቀመጥ! ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ መሪጌታን እንቢ የሚል አንደበት ደግሞ አልተፈጠረልኝም። ላቤ ከጉና እንደሚወርድ ጅረት ወረደ። ይህን ጊዜ ያለምወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች፤ የለበጠችውን ደብተር በብብቷ ይዛ፣ ጫማዋን ለማዶው መንገድ ጠበቅ አድርጋ አስራ።

«አባየ፣ ምን ያስጨንቅሃል? የበላይ አካል ላማክር በላቸዋ! የበላይ አካሉ እኔ ነኝ፤ ተዘግቷል!»