ስልካቸውን ለማንም የማይሰጡት ቱሪስት

ለመሆኑ ከተጠራጣሪ ሰው ጋር አገር ጎብኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዙሪክ አልትሽቴተን ሰፈር ጎረቤቴ ከጋሽ ደምሴ ጋር የጣሊያኗን ጥንታዊ የወደብ ከተማ ጄኖዋን ጎብኝቻለሁ። ጋሽ ደምሴ ከስዊዘርላንድ ለመውጣት የሚያስችላቸው ወረቀት ገና መድረሱ ነበር። ጄኔቭ ያሉት እህታቸው ግን አላመኗቸውም፤ ከዚህ በፊት «ደረሰልኝ» ብለዋቸው ሳይደርስ ቀርቷል። ስለዚህ ባሕሩ ዳር የተነሡት ፎቶ የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ወደቡ ላይ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ፈገግ ብለው «ፎቶ ላንሣችሁ?» የሚል ምልክት አሳዩን።

«ምን ፈልጋ ነው የምትስቀው?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«ደግ ሆነው ነዋ።»

«በነጻ?»

ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ስልክ ነጥቃ ስትሮጥ ይታያችኋል? ለእሳቸው ታይቷቸዋል። እኔ ላንሣዎት ስላቸውም «አንተማ ግጥም ትጽፋለህ» አሉኝ። ይህ ምን ዓይነት ወንጀል እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እናም የመብራት ማማውን፣ የጥንት ነጋዴዎችን ቤተ መንግሥቶች፣ መርከቦቹን ሁሉ ከራሳቸው ጋር በገዛ እጃቸው አነሡ። ክንዳቸው አጭር ስለሆነ በሁሉም ፎቶ ላይ የሚታየው ግንባራቸውና አፍንጫቸው ነው። ይሻላል ያሉትን መርጠው ላኩ።

የእህታቸው መልስ ወዲያው በድምፅ መጣ፦ «ደምሴ፣ አፍንጫህንማ አውቀዋለሁ። ባሕሩ የታል? ይሄ የዙሪክ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ አይደል?»

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

«አየህ፣ እህቴ ሰው አታምንም» አሉኝ። «ከማን እንደወረሰችው እንጃ።»