በሁዳዴ የቀረበው ሽንጥ በክሬም

ምላስን መያዝ ይቻላል። ያን ዘመን የኖርን ሁሉ ለምደነዋል፤ አንዳንዶቻችንማ ከመልመዳችን የተነሣ ዛሬም ድረስ ሚስታችን «ጨው አንሶታል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀን ግራ ቀኝ ዐይተን ነው የምንመልሰው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። ይኑረው! ጆሮ ላለው ግድግዳ መድኃኒቱ ዝም ማለት ነው። እኔን ያስጨነቀኝ አፍንጫ ያለው ግድግዳ ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሰው አፉን ይዘጋል፣ በሩን ይቀረቅራል፣ ድስቱንም ይከድናል፤ ሽታን በምን ያስረዋል? ድስት ምሥጢር የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ምን እንደጣድህ ለመንደሩ ሁሉ ያወራብሃል።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የእሑድ ምሳ ናት። በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበርሁ። የመንገድ ላዩ ተኩስ በርዷል፤ ፍርሃቱ ግን አልበረደም። ከክፍላችን አንዱን ባልደረባችንን «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከሥራው ላይ አስነሥተው ወሰዱት። ኮቱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሦስት ወር ሙሉ ጠበቀው። እናንሣለት ያለ የለም፤ ስለ ኮቱ ያወራም የለም። በዚያ በኩል ስናልፍ አንገታችንን ወደ ሌላ እናዞር ነበር።

ካድሬያችን ጓድ ይርጋ ይባላል። ከአንድ ሶሻሊስት አገር ሁለት ዓመት ተምሮ የመጣ፣ ወፍራም ሶል ያለው ቡናማ ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ጫማው ሲንኳኳ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማን ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ውይይት ይመራል። አንድ ጊዜ «እዚያ አገር ሠርቶ አደሩ ምሳው ሥጋ በክሬም ከፓስታ ጋር ነው። እኛ ገና ሽሮ ላይ ነን!» ብሎ ወቅሶናል። እኛም ሽሮውን እኛ የፈለሰፍነው ይመስል አቀረቀርን።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ የባሕር ዳር ሙቀት አናት በሚበሳበት ከሰዓት፣ ውይይት ላይ ተቀምጬ ላቤ ቢያስቸግረኝ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ማተቤ ብቅ አለች። ጓድ ይርጋ ስለ አምራች ኃይሎች እያወራ ዐይኑ አንገቴ ላይ ሲወድቅ ንግግሩ አፉ ውስጥ ቀረ። አየኝ። ቆየት ብሎ አየኝ። ከዚያ ንግግሩን ቀጠለ። እኔም ቁልፌን መልሼ ቆለፍሁ። ማተብ ያሰረ ሁሉ ወኅኒ ይወርዳል እያልሁ አይደለም፤ «ኋላ ቀር» የምትለዋ ስም አንዴ ከተለጠፈችብህ ግን መጨረሻዋ ኮት ምስማር ላይ መቅረት ነው። ውይይቱ ሲያልቅ ካድሬው አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጓድ፣ ባለቤትህ ባለሙያ ናት አሉ። እሑድ ምሳ ቤትህ ነኝ» አለኝ።

ይኸው ነው።

ባለቤቴ ትርሲት ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷ ለባቡር ድርጅት ግሪኮች ምግብ ትሠራ ነበር። ነገሩን ስነግራት በርጩማው ላይ ዝርግፍ አለች።

«በሁዳዴ? ሊፈትነን ነው የሚመጣ!»

«ታዲያስ! ምን ልናበላው ነው?»

«ሽሮ ካቀረብን አለቀልን። ጾመኞች ነን ብለን በእጃችን መፈረም ማለት ነው።»

«ዶሮ ብትሠሪስ?»

«የዶሮ ወጥ ሽታ ይፋግ ድረስ ነው የሚሄደው! እማሆይስ?»

እማሆይ ግድግዳ የምንጋራቸው መነኩሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ያውም የተሰነጠቀ። እማሆይ በጾም ሥጋ ሸተታቸው ማለት ሰንበቴውም ዕድሩም ሰማ ማለት ነው። በወዲያ ካድሬ፣ በወዲህ መነኩሴ። ጎመን በጤና ይሉ ነበር አባቶች፤ በዚያ ሳምንት ጎመኑም ጤናውም አብረው ጠፉብኝ።

ትርሲት ድንገት ቀና አለች። «እሱ ራሱ ያወራውን ምግብ እንሥራለት። ሥጋ በክሬም፣ ከፓስታ ጋር። እናቴ ስትሠራ አይቻለሁ። በርበሬ የለው፣ ቁሌት የለው፤ ሽታው ልዝብ ነው።»

ፓስታው ከቀበሌ ሱቅ በተራ የደረሰን፣ ለበዓል ያስቀመጥነው ነበር። ክሬም ማለት ሲገለጥ ስልባቦት ነው፤ ሁለት ዓመት ላልሞላት ልጃችን ወተት እንገዛ ስለነበር ትርሲት ሦስት ቀን ሙሉ ከልጅቱ ወተት ላይ ስልባቦቱን እየገፈፈች በብርጭቆ አጠራቀመች። ሥጋው ነው ጭንቁ። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የሚያርደው የሙስሊሞቹ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እነሱ ያረዱትን አንበላም፤ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ስንት ዘመን ዓሣቸውን ስንበላ፣ በታንኳቸው ስንሻገር፣ ሲታመሙ ስንጠይቅ፣ ሲሞቱ ስንቀብር የኖርን ሰዎች ሥጋ ላይ ስንደርስ ቢላዋው የማን ነው እንላለን። እንግዲህ ጾሜን የምሽረው ባልተፈቀደልኝ ሥጋ ነው ማለት ነው። ኃጢአቱም እንደዘገየ የራሽን ስኳር የሁለት ወሩ ተደርቦ መጣ።

አያ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። አያ ሰይድ ከሐይቁ ዳር ደንገል እየጎነጎነ ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሰው የሚያሻግር ሽማግሌ ነው።

«ሽንጥ ፈልጌ ነበር» አልሁት፣ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ።

«በሁዳዴ? ከእኛ? አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

«አይጠይቁኝ አያ ሰይድ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!»

አልጠየቀኝም። እሑድ ጠዋት የዓሣ ቅርጫቱን ተሸክሞ መጣ፤ ከላይ አራት ቀረሶ፣ ከሥር በቅጠል የተጠቀለለ ሽንጥ።

ያ አበሳሰል! መስኮቱን ዘጋን፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍን፤ ቤቱ ከወንዛዬ ፍል ውኃ ባሰ። ትርሲት ሥጋውን ጣት በሚያህል ውፍረት ከርትፋ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሽታ፣ በቡታጋዝ ላይ ቅቤ ውስጥ ስትጥለው «ጭስስስ» አለ። ሁለታችንም ወደ እማሆይ ግድግዳ ዞርን። ከግድግዳው ማዶ የዳዊት ድምፅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ዳዊቱ ቀጠለ።

«ተልባ!» አለች ትርሲት። ሌላ ምጣድ ይዛ ወጣችና ደጃፉ ላይ ተልባ መቁላት ጀመረች። የተልባ ሽታ ታውቁት የለ? ከተቆላ መንደሩን አይምርም። ሰምና ወርቅ ሠራን እላችኋለሁ፦ ደጅ ጾመኛ፣ ውስጥ ፍስከኛ። እኔ ሥጋውን አገላብጣለሁ፤ እሷ ትገባና ሽንኩርት ትጨምራለች፣ ዱቄት ትነሰንሳለች፣ ወተትና ስልባቦቱን ጠብ እያደረገች እንዳይቋጠር ታማስላለች፣ ተመልሳ ወደ ተልባዋ ትሮጣለች።

«ጨዉን ቀምሰሽዋል?» አልኋት።

«በጾም?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

እውነቷን ነው። ለልጅቱ በማንኪያ ጫፍ ሰጠናት። ቀመሰችና እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፍታ ቀረች። ጨዉ ልክ ነው ማለት ነው።

በስድስት ሰዓት ያ ጫማ ተንኳኳ። ጓድ ይርጋ ጠመንጃ ከያዘ አጃቢ ጋር መጣ፤ አጃቢው የግቢው በር ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ። ካድሬው እንደገባ ቆመና አየሩን ማገ፤ ፊቱ በራ።

«ተልባ ይሸተኛል» አለ።

ነፍሴ ወጣች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል!

«ጎረቤት ናቸው፣ ጓድ! መነኩሴ ናቸው፤ ኋላ ቀሮች! እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም!»

ፊቱ ጠቆረ። «እ…» ብሎ ተቀመጠ። እማሆይን ኋላ ላይ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እናቴንም አሳልፌ እሰጥ ነበር።

ትርሲት ምግቡን አቀረበች። ነጭ ፓስታ፣ በላዩ የሚያብለጨልጭ መረቅ፣ መካከሉ ላይ ሽንጥ። ጓድ ይርጋ ሳህኑን ሲያይ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ።

«ይኼ… ሥጋ ነው?»

«ሽንጥ በክሬም ነው፣ ጓድ! የሠርቶ አደሩ ምሳ! ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው ያስመጣነው፤ እኛ ልዩነት አናውቅም!»

ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ሹካውን አነሣ፤ ቆመ። እኔም አነሣሁ፤ ቆምሁ። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። እስክጎርስ እየጠበቀኝ ነው፣ ካልጎረስሁ አለቀልኝ አልሁ በልቤ። በድንጋጤዬ የማደርገው ቢጠፋኝ አገሬ ያስተማረኝን አደረግሁ፤ ሹካውን ጣልሁና አንድ ቁራጭ ሥጋ በፓስታ ጠቅልዬ፣ ፓስታው በጣቴ መካከል እየተንጠለጠለ ብድግ አልሁ።

«በሞቴ!» አልሁ። በዚያ ዘመን «በሞቴ» ቀላል ቃል አልነበረም።

ጉርሻ አይመለስም። ካድሬም ቢሆን አይመልስም። ዐይኑን ጨፈነና ጎረሰ። ጣፍጦት ነው የጨፈነ ብዬ ደስ አለኝ። ሲውጥ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። «ቁንዶ በርበሬው ነው» አለ። ትርሲት የከተተችው አምስት ፍሬ ነው።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና የኔን እጥፍ የሚሆን ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣው። ጎረስሁ። ይቅር በለኝ እያልሁ ጎረስሁ። ከሁሉ ያናደደኝ መጣፈጡ ነው! እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ትርሲትም ከእያንዳንዳችን ተቀበለች። ጓድ ይርጋ አንድ ሁለቴ ከቀመሰ በኋላ ብድግ አለና «ምሳሌ የሚሆን ቤት ነው» ብሎ ወጣ። ትርሲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ኮቴን አድኜ ነፍሴን ምስማር ላይ ሰቅዬ ቁጭ አልሁ።

ከተማ ውስጥ ንስሐ መግባት አይታሰብም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚቆጥር አይጠፋም። ዓርብ ማለዳ «ታምሜያለሁ» ብዬ፣ በጋቢ ተከናንቤ፣ ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም ልሻገር አያ ሰይድ ዘንድ ወረድሁ። ታንኳው ላይ ሌላ የተከናነበ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ወጣሁ፣ ተቀመጥሁ፤ አያ ሰይድ በቀርከሃው ገፋ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ወደ ታች አየሁ። ከጋቢው ሥር ወፍራም ሶል ያለው ቡናማ ጫማ ወጥቷል።

ተከትሎኝ ነው! ውኃው ውስጥ ልዝለል ወይ አልሁ፤ ዋና አልችልም፣ ጉማሬም አለ። ሰውዬው ዞረ። ጓድ ይርጋ ነው። ሲያየኝ ከንፈሩ አመድ መሰለ።

«ጓድ… ወዴት ነው?»

«ዓሣ… ዓሣ ልገዛ ነው። እርስዎስ፣ ጓድ?»

«የገዳሙን… የመሬት ይዞታ ላጠና።»

ከታንኳው ሥር የሚገባው ውኃ ቂጣችንን ያርሰዋል። አያ ሰይድ ቀርከሃውን እየገፋ፣ እንደ ዋዛ፦

«እኔ የምልህ» አለኝ፣ «ያ ሽንጥ ተስማማችሁ?»

ጓድ ይርጋ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። «ማተብህን አይቼ ነበር» አለኝ። «ቤቴ የምታበስልልኝን ሴት የመደባት የካድሬዎች ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የምበላውን ታመለክታለች። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ሥጋ ታቀርብልኛለች፤ ተደብቄ ለውሻ ነው የምሰጠው። ዳቦ ብቻ ስበላ ከረምሁ። ማተብህን ሳይ፣ እዚህ ሰው ቤት እንኳ አንድ ቀን የጾም ምሳ እበላለሁ ብዬ መጣሁ። ያ ተልባ ሲሸተኝማ…»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ?»

አያ ሰይድ ብቻ እስኪያስለው ሳቀ።

ገዳሙ ውስጥ ጎን ለጎን ተንበርክከን ተናዘዝን። ሽማግሌው አባ «ክሬም ምንድን ነው?» አሉ። «ስልባቦት ነው፣ አባታችን» አልን። «እህ! እሱንም ጨምራችኋል?» ብለው ለስልባቦቱ ብቻ አምሳ ስግደት ደረቡብን። በማን ቢላዋ እንደታረደ አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

በእሑዱ ጓድ ይርጋ እንደገና መጣ። ትርሲት የተልባ ፍትፍት፣ ምስር፣ ጎመን አዘጋጅታለች። መስኮቱን እንደ ልማዳችን ዘጋን። ካድሬው ሊቀመጥ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና ወደ ግቢው በር በአገጩ እያሳየ፣ «አጃቢዬ የሚያየውን ሁሉ ያመለክታል። የፍስክ ነገር ይሽተተው» ብሎ ለመነን።

ትርሲት ምድጃውን ደጃፉ ላይ አውጥታ ቅቤ ጣደች፤ እማሆይ ቢጠይቁ ለፋሲካ እያነጠርሁ ነው ትላለች። ጭሱ ግቢውን ሞላው። እኔ በበሩ ስንጥቅ አጃቢውን አየሁት። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ከቅቤው ጭስ አዙሮ፣ የሚያየው ሰው እንደሌለ ግራ ቀኝ ካረጋገጠ በኋላ ቶሎ ብሎ አማተበ።