ታጥቦ የሄደው ውሃ

ውሃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም ብለው ያስተማሩኝ መምህር ደቡብ ኦሞን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ትምህርቱን ያርሙት ነበር፤ ወይም እንደ ሌላው ሰው ጠጥተው ዝም ይሉ ነበር። እኔ የማወራችሁ የቧንቧ ውሃ ቀለምም ጣዕምም አለው። ሳሙና ቢያሹበት አረፋ አያወጣም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደጋግመው ሲያፈሉት ኖራ የመሰለ ቅርፊት ይለሰንበታል። ቅርፊቱን በቢላዋ ፈቅፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ማስረጃ ማስቀመጥ የጋዜጠኝነት ልማዴ ነው። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል። የእኛው ግን ድንጋዩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ አይጮኽም። የምንጮኸው ጠጪዎቹ ነን።

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሚጠጧት ያውቋታል። ከጂንካ ወደ ቆላው ስትወርዱ የምታገኟት የመኪና ማረፊያ ናት። ለሥራ ስመላለስ የማርፈው እትዬ ዘነበች ግቢ ነው። እትዬ ዘነበች ክፍል ታከራያለች፤ እንጀራዋ ግን ፉል ነው፤ ለሹፌሮች ቁርስ ባቄላ ትቀቅላለች። በዚያ ውሃ ደግሞ ባቄላ ይፈላል፣ ይገለባበጣል እንጂ አይበስልም። ሹፌር ትዕግሥት አይጭንም። «እትዬ ዘነቡ፣ ይኼ ባቄላ ነው ጠጠር?» ይልና መንገዱ ላይ ያለችው ወይጦ ከተማ ገብቶ ይበላል። እንዲህ አንድ በአንድ እየቀሩባት ከሦስት ድስት ወደ አንድ ወርዳለች። እሱም ካልሆነ ቤቱን እንደምትዘጋ የነገረችኝ የአየር ሁኔታ እንደምታወራ ሰው ተረጋግታ ነው።

መፍትሔ ባይኖረው አልናደድም ነበር። ከከተማዋ በላይ ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አፉ በብረት ተከድኖ ተቀምጧል። ሲቆፈር ውሃውን የቀመሱ ሁሉ አሁንም ምላሳቸውን እያጣጣሙ ነው የሚያወሩት። ለምን ከቧንቧው ጋር አይቀጠልም ብዬ ጉዳዩ የሚመለከተውን የውሃ ቢሮ ባለሙያ ጠየቅሁት። ትሑት ሰው ነው። ያለ ዳታ ምንም ማለት እንደማይችል፣ የቧንቧው ውሃ አይረባም የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ከመጣለት ግን መስመሩን ለመዘርጋት ቀን እንደማያሳድር ነገረኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ስሜት ትቶ ማስረጃ የሚጠይቅ ቢሮ ስመኝ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

የሳምፕል ጠርሙስ ሰጠኝ። ከእትዬ ዘነበች ቧንቧ በእጄ ቀዳሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጽፌ ፈረምኩ። መኪናው የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር ጠርሙሱ እሷ መደርደሪያ ላይ አደረ። ጠዋት ሳነሳው ለብ ብሏል። የቆላ ሙቀት ነው አልኩ። ጥርትም ብሏል። ዝቃጩ ወርዶ ነው አልኩ። ፊርማዬን ግን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱ መጣ። ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ቀን ሙሉ የተጠራጠርኩት የገዛ ምላሴን ነው።

ወረቀቱን ይዤ እትዬ ዘነበች ዘንድ ስገባ እምቢ ያለ ባቄላዋን ታማስላለች። አነበብኩላት። ፊቷ በራ።

«ተመስገን። አላሳፈርኩህም አይደል ወንድሜ?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠርሙሱ ትልቅ ከተማ እንደሚሄድ፣ የተማሩ ሰዎች እንደሚያዩት ከእኔው ሰምታለች። ብታየው ደፍርሷል። «እንደዚያ ሆኖ ሰው ፊት ይቀርባል እንዴ? የማን ቤት ውሃ ነው ቢሉስ?» ስለዚህ ድስት ውስጥ ገልብጣ ደህና አድርጋ አፈላችው፤ አቀዘቀዘችው፤ ዝቃጩን ትታ ከላይ ከላዩን በንጹሕ ነጠላ አጠለለችው። ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ አጥባዋለች።

«ፊርማህ እንዳይረጥብ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜልሃለሁ» አለችኝ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? ሳምፕል ማለት ገመና እንዳለ ይዞ መሄድ መሆኑን አልነገርኳትም። ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ በሚቀባበት አገር አንዲት ሴት ውሃዋን ብታጥብ ምን ይገርማል? ለዚያውም ኖራ አልቀባችም፤ ኖራውን ነው ያወጣችለት።

ቁጣዬን ወደሚገባው ቦታ ይዤ ሄድኩ። ባለሙያው በትሕትና አዳመጠኝ። ውጤቱ ሲስተም ውስጥ ስለገባ ፋይሉ ተዘግቷል፤ አዲስ ሳምፕል የሚታሰበው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው አለኝ። ወረቀቱ ስለ ቧንቧው አንዳች ነገር አይናገርም፤ የሚናገረው እትዬ ዘነበች በድስትና በነጠላ ስለሠራችው ውሃ ነው አልኩት። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዓይኑ ድንገት ቦግ አለ።

«እንግዲያው መፍትሔው በማኅበረሰቡ እጅ ነው ማለት ነዋ፣ ጋሼ።»

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች ምርጥ ተሞክሮ እንድታካፍል አዳራሽ ተጠራች። ባነር ተሰቅሏል። መድረኩ ላይ በየሰው ፊት ከደጋ የመጣ የታሸገ ውሃ ቆሟል። እንዴት እንዳፈላችውና እንዳጠለለችው ተናገረች፤ ተጨበጨበላት፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ለአንድ ጀሪካን ስንት እንጨት እንደሚነድ የጠየቀ የለም። ስለተከደነው ጉድጓድ እኔ ጠየቅሁ። ጥያቄው ከአጀንዳው ውጪ ነው ተባለ። ስብሰባው ሲበተን እትዬ ዘነበች ያልተከፈቱትንም የተጋመሱትንም የውሃ ጠርሙሶች በዘምቢሏ ለቅማ ወጣች።

በማግስቱ ባቄላውን የጣደችው በዚያ ውሃ ነው። የመጀመሪያው መኪና ሳይቆም በስሎ ፈረሰ። ባለሙያውም ወደ መስክ ሲወጣ ለቁርስ ጎራ አለ። ዳቦውን አጠቀሰ፣ ጎረሰ፣ ደገመ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬስ ቅቤ ሆኗል» አላት። «ውሃው ችግር እንደሌለበት እኮ ወረቀቱ ያኔውኑ ተናግሯል።»

እሷ እኔን አየችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው። ዳታ መሆኑ ነው።